ለእታለም እግር የተለካ ብረት

ጥቅምት 3

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ለጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ ወገብህንም አይንካብህ። እኔ ደህና ነኝ፤ የውሃ ፓምፕ እየጠገንኩ ከጉድጓድ ጉድጓድ እዞራለሁ። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ይህች «በቀር» ግን ቀላል አይደለችም፤ ደብዳቤውንም ያጻፈችኝ እሷ ናት።

ስልክ ያልደወልኩልህ ቤታችን ሁለት ክፍል ስለሆነ፣ እማዬ ደግሞ የታመመው ጉልበቷ እንጂ ጆሮዋ ስላልሆነ ነው። ስምህ ከተነሳ የያዘችውን ዕቃ ዘጭ አድርጋ ትወጣለች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያው ናት። መልሱን በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ ላክልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጉልበቷ ቀዶ ሕክምና መስከረም 26 ተቀጥራ ነበር። ሐኪሙ ወደ ከተማችን የሚመጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ጠዋት በፌንጣ ይዣት ወረድኩ። ፌንጣ ያልኳት መኪናዬን ነው፤ አጭር፣ በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት ፎርባይፎር ናት። ደረቁ ወንዝ ጋ፣ ድንጋዮቹን መቼም አትረሳቸውም፣ አንዱ ጎማ አዳለጠውና ፌንጣ በጎኗ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ከበሮቹ ስር ያለው ደፍ ተጨረማመተ። የግራ በሮች አልከፈት አሉ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ሌላ ቋጥኝ በሮቹን ደግፎ ያዛቸው። እማዬ ውስጥ ቀረች። ሁለት ሰዓት ሙሉ። በመጨረሻ መንገደኞች ተሰብስበው ከኋላ በጭነቱ በር፣ መለዋወጫ ጎማው በተሰቀለበት በኩል፣ እንደ ጆንያ ጎትተን አወጣናት። ቀሚሷን አራገፈች፣ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች፣ «ሁለተኛ እዚህች ጣሳ ውስጥ አልገባም» ብላ በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን ተያያዘችው።

ቀጣዩ ቀጠሮ የካቲት 20 ነው። ይህም ካመለጣት ዱላ ሳይሆን ተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚጠብቃት ብለውኛል። ሌላ መንገድ የለም፣ ሌላ መኪናም ወደዚህ አይወጣም። ስለዚህ በጎንና በጎኗ ጠንካራ ብረት ላስርላት አሰብኩ፤ ድንጋዩ ደፉን ሳይሆን ብረቱን እንዲመታ፣ እሷም በብረቱ ላይ ተንሸራታ እንድታልፍ። ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ አላውቅም። ስዕሉን ላክልኝ። ብየዳውን ዝምታ ይሠራዋል። ያ ወርክሾፕህ ውስጥ አብሮህ የነበረው በያጅ ነው፤ ዛሬም በቀን ከሦስት ቃል በላይ አይወጣውም።

ካንተ እንደመጣ ካወቀች ግን ብትሞት አትሳፈርም። በኔና ባንተ መሀል ይቅር።

የእህትህ ልጅ፣ ሽቦ


ጥቅምት 22

ለምወድህ ለሽቦ፣

እንዴት ከርመሃል? ዕድሜ ይስጥህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በሰው አገርም የጭነት መኪና ተሳቢ ነው የምበይደው፤ ከድሮው የሚለየው ሻይ የሚጠጣው በደወል መሆኑ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ እንዴት ነው?

ደብዳቤህን በምሳ እረፍት አነበብኩና ምሳዬን ትቼ ስዕሉን ጀመርኩ። አንተ ልጅ፣ ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣኸው? ይህ ለኔ ውሃ መጠጣት ነው። ለእያንዳንዱ ጎን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚደርስ አንድ ወፍራም የቱቦላሬ ብረት ትቆርጣላችሁ። ከሱ ወደ ውስጥ አራት አራት አጫጭር የብረት ክንዶች ይወጣሉ። ክንዶቹን ሻንሲው ላይ መበየድ ነው፤ አለቀ። ሻንሲ የመኪና አጥንት ነው፤ ከአጥንት የተያያዘ ብረት ምንም አያነቃንቀውም። በቱቦላሬውና በደፉ መሀል ሁለት ጣት ክፍተት ተዉ። ዝምታን ሰላም በልልኝ፤ መልስ አልጠብቅም።

እንዲያው የትኛው ጉልበት ነው? ለስዕሉ ብዬ ነው።

አጎትህ


ኅዳር 4

ለማከብርህ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ጤናና ሰላም አይለዩህ።

ስዕልህ ግሩም ነው። አንድ ትንሽ ችግር ግን አለ፤ ሻንሲ የለም።

ከዝምታ ጋር ፌንጣን ከፍ አድርገን ድንጋይ አስደግፈን ስሯ ገባን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ያገኘነው ላሜራ፣ የጭስ ማውጫ፣ የደረቀ ጭቃ፣ አንድ የጠፋብኝ ካቻቪቴ። ወለሉ፣ ጎኑና ጣራው አንድ ላይ ተጣጥፈው የተሠሩ ናቸው፤ ገላዋም አጥንቷም ያው ላሜራው ነው። ዝምታን «አየህ?» አልኩት። «የለም» አለኝ። የዕለቱ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

የቀኝ ጉልበቷ ነው። ከስዕሉ ጋር ምን አገናኘው?

ሽቦ


ኅዳር 18

ለሽቦ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ማስተዋልንም ይስጥህ።

ሻንሲ የሌለው መኪና ገና አልተወለደም። ሰላሳ ዓመት መኪና ስር ተኝቻለሁ፤ ከሚስት አልጋ ይልቅ እዚያ ያሳለፍኩት ይበልጣል፣ ለዚህም ነው ሚስት የሌለኝ። ጭቃውን ጠርጉና በደንብ እዩ። በስተውስጥ የሚሄድ አራት ማዕዘን ነገር ይኖራል፤ እሱ ነው። እሱ ላይ በይዱ። ጊዜ አታባክኑ፣ የካቲት ሩቅ አይደለም።

አጎትህ


ታኅሣሥ 1

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ በፈጣሪ ቸርነት አልተቃጠልንም።

ጭቃውን ጠረግን። አራት ማዕዘኑን አገኘነው። እንዳልከው ዝምታ በመበየጃው ኤሌክትሮድ ነካ ሲያደርገው ብረቱ እንደ ወረቀት ተበሳ፤ ያ አራት ማዕዘን ነገር ራሱ የታጠፈ ላሜራ ነበር። ቀዳዳው ሁለት ጣት ያስገባል። ከውስጥ ምንጣፉ መጨስ ጀመረ፣ እኔ ደግሞ በእጄ የነበረውን ሻይ ደፋሁበት። ዝምታ መነጽሩን አውልቆ ቀዳዳውን አየ፣ ስዕልህን አየ፣ አጣጥፎ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

ጋሼ፣ አልተቆጣሁም። ነገር ግን አታውቀውም መሰለኝ። ካላወቅከው ንገረኝ፣ ሌላ ሰው ልፈልግ። ጉልበቱ የእናቴ ነው።

ሽቦ


ታኅሣሥ 25

ለጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሃያ አራት ቀን ሆነ። ተቀየምከኝ? አፌ አመለጠኝ፤ ልጅ ይሳሳታል፣ አዋቂ ይምራል። እማዬ ትናንት ከበሩ እስከ አጥሩ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ቆመች። ጻፍልኝ።

ሽቦ


ጥር 2

ለምወድህ፣ ለምሳሳልህ ለሽቦ፣

ፈጣሪ ያክብርህ፤ እኔን ግን ትንሽ ያዋርደኝ፣ ይገባኛል። የቆየሁት በቅያሜ አይደለም፣ በኀፍረት ነው። ልክ ብለሃል፣ አላውቀውም ነበር። እንዲህ ዓይነቷን መኪና በዕድሜዬ ነክቼ አላውቅም። አንተ አይተህ የነገርከኝን ባምን ኖሮ ያ ቀዳዳ አይበሳም ነበር።

ከጎረቤቴ ደጅ የፌንጣ እህት የምትመስል መኪና ትቆማለች። ባለቤቷ ጡረታ የወጣች የሙዚቃ አስተማሪ ናት። እሑድ ጠዋት ካርቶን ዘርግቼ ስሯ ገባሁ። ሳላስፈቅድ። ቸኩዬ፣ እንደ ልማዴ። እግሬ ብቻ ውጭ ቀርቶ ተመስጬ ስዳብስ አንድ ነገር ጫማዬን ይነካካኛል፤ ሴትዮዋ በጃንጥላዋ ጫፍ መሞት አለመሞቴን እያጣራች ነበር። ወጥቼ በዚያ በተሰባበረው ቋንቋዬ «ሻንሲ የለውም» አልኳት። ለካ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነው የማበስራት። ፖሊስ ትጠራለች ስል ባትሪ ይዛ መጣችና ታበራልኝ ጀመር።

አሁን አይቼዋለሁ፤ ስማኝ። መኪናዋ ላይ ምንም አይበየድም፣ ሁሉ ነገር ጠረጴዛ ላይ ተበይዶ በብሎን ነው የሚታሰረው። ከደፉ ስር ሁለት ላሜራ ተነባብሮ ወደ ታች የወጣበት ጠርዝ አለ፤ አንዱ ማሰሪያ እሱ ነው። ወደ ውስጥ ደግሞ ያ የበሳችሁት የታጠፈ ላሜራ ነው፤ እሱ ላይ መዳፍ የሚያህል ወፍራም የብረት ሰሌዳ ይለበጥበታል። አጥንት ከሌላት ሸክሙ በሰፊው ይከፋፈል፤ በአንድ ነጥብ ከገፋሃት ትጎደጉዳለች። ቀዳዳውንም ያው ሰሌዳ ይሸፍነዋል። የውሃ መውጫዎቹን አትድፈኑ፣ ከውስጥ ትዝጋለች። የሰሌዳዎቹን ልክ ከካርቶን ቆርጬ አብሬ ልኬልሃለሁ።

ሥራው ሲያልቅ ክሪኩን ብረቱ ስር አስገብተህ ጎኗን አንሳት። ተንጠልጥላ ሳለች በሩን ክፈት። በሩ እንደ ወትሮው ከተከፈተ ብረቱ ሸክሙን በትክክል ይዞታል። ካልተከፈተ ገላዋ እየተጨነቀ ነውና እንዳትነዳት።

ሴትዮዋ ለማን ነው አለችኝ። «ለእህቴ» አልኳት። ይህችን ቃል በዚህ አገር ቋንቋ ስናገራት የመጀመሪያዬ ነው። ታዲያ እህትህ ለምን ራሷ አትጠይቅህም ስትለኝ ቋንቋ አጠረኝ አልኳት። ቋንቋ አይደለም ያጠረኝ። አንተ ታውቀዋለህ። የሄድኩ ቀን አውቶቡሱ የሚነሳው በአስራ ሁለት ሰዓት ነበር፣ ለሷ ሦስት ሰዓት አልኳት። ካለቀሰች እንደምቀር አውቄ። አንተ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሻንጣዬን ተሸክመህ ሸኘኸኝ፣ እንዳትናገርም አስማልኩህ። እሷ በሦስት ሰዓት መጥታ፣ አውቶቡሱ ዘግይቶ ነው ብላ እስከ ስድስት ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እንደጠበቀች በሰው በሰው ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልጻፍላት?

ቢያንስ መኪናው ውስጥ ሳትቸገር ትግባ። ጋቢና ካልሆነ እንደማትሳፈር ስለማውቅ ከቀኙ የፊት በር ስር ከብረቱ ጋር መርገጫ አወጣለሁ። እግሯን ሳያማት እስከ ምን ድረስ እንደምታነሳ ለካልኝ። እንዳታውቅብህ።

አጎትህ


ጥር 15

ለምወድህ ለጋሼ፣

ፈጣሪ እንዳንተ ያለ አጎት አያሳጣኝ፤ የሙዚቃ አስተማሪዋንም ይባርክልን። ዝምታ ካርቶኖቹን አገላብጦ አይቶ «አሁን ገባኝ» አለ። ሁለት ቃል ነው፣ ግን ከልቡ ነው።

አሁን ጉዱን ልንገርህ። ጭቃ በዛ ብዬ ደጃፉ ላይ ወፍራም ሳንቃ አነጠፍኩ። በማግስቱ በላዩ ሌላ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ሌላ። እሷ ትወጣለች ትወርዳለች፣ እኔ በመስኮት ፊቷን አያለሁ። በአራተኛው ሳንቃ ላይ ቆመች፣ ግድግዳውን ያዘች፣ ፊቷ ተጨማደደ። ስለዚህ ልኩ ሦስት ሳንቃ ነው ብዬ ወጥቼ ስንዝሬን ስዘረጋ ከበላዬ ድምፅ መጣ።

«ስንት ሆነ?»

«ምኑ?»

«ልኩ ነዋ።»

ለካ አልጋዬ ስር ስትጠርግ ካርቶኖቹን አግኝታቸዋለች። አምስትን እንደ መንጠቆ አድርጎ የሚጽፍ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው አለችኝ። ካየቻቸው ሦስት ቀን ሆኗታል፤ ሦስቱንም ቀን እያወቀች ነው ሳንቃዬ ላይ የምትወጣልኝ። ሆድ ሲያውቅ! ምን ይዋጠኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አሁን እቃውን ሁሉ ታወጣና ትጥለዋለች ስል የበሩን መቃን ተደገፈች። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልህ፦

«ጻፍለት። ጋቢና መቀመጥ ከተውኩ ዘመን ሆነኝ። ከኋላ በግራ በኩል ነው የምቀመጠው፣ እግሬን ወንበሩ ላይ ዘርግቼ። መርገጫው እዚያ ይሁን። ጥድፊያ! ዛሬም ሳይጠይቅ ይቆርጣል።»

ከፍታው ከመሬት አንድ ጫማና ሦስት ጣት ነው፣ በሜትር ደግሞ ሠላሳ ስድስት ሳንቲ።

ሽቦ


ጥር 27

ለሽቦዬ፣

ዓለምህን ያሳይህ።

ደብዳቤህን ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ጥድፊያ» የምትለው ላይ ስደርስ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ያን ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ ሳልጫማ ከቤት የምወጣ ልጅ ነበርኩ። ሌላ ሰው በሱ ጠርቶኝ አያውቅም። አስራ አንድ ዓመት የጠራኝ የለም።

አዲሱን ካርቶን ልኬአለሁ። መርገጫው በኋላ ግራ በር ስር፣ በሠላሳ ስድስት ሳንቲ ላይ ነው። ከላዩ ጫማ እንዳያንሸራትት ብረቱን ሸካራ አድርጉት። በደህናው በግራ እግሯ ረግጣ ትውጣ፤ የቀኙ ይከተል።

ሌላስ ምን አለች? ምንም ብትል ጻፍልኝ። ብትሳደብም።

አጎትህ


የካቲት 23

ለጋሼ፣

ደስ ይበልህ፤ ያሰብከውን ያሳካልህ አምላክ ይመስገን።

ብረቶቹን ባለፈው ሳምንት አሰርናቸው። እማዬ በርጩማ አስወጥታ ቁጭ ብላ ስታይ ዋለች። አንድ ብሎን ላላ ያለ ሲመስላት በዱላዋ ትጠቁማለች፣ ዝምታም ያጠብቃል። ክሪኩን ግራ ብረት ስር አስገብቼ ጎኗን አነሳሁት። ሁለቱ የግራ ጎማዎች አየር ላይ ሆኑ። በሩን ለመክፈት እጄን ስዘረጋ እማዬ «ተው» አለችኝ፤ ተነስታ ራሷ ከፈተችው። ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። ዝምታ «እንዲህ ነው ሥራ ማለት፣ እትዬ» አላት። አምስት ቃል! አላመንኩም።

የካቲት 20 ጠዋት መርገጫው ላይ ግራ እግሯን አኖረች፣ ትከሻዬን ያዘች፣ ገባች። አልተጨማደደችም። ደረቁ ወንዝ ስንደርስ ያው ጎማ ያው ቦታ አዳለጠው። ፌንጣ ያው ድንጋይ ላይ ወረደች። ብረቱ ጮኸ፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ጩኸት። ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እማዬ ከኋላ ትከሻዬን መታ አድርጋ «ንዳ እንጂ፣ ይዞናል» አለችኝ። ነዳሁ። ድንጋዩ ላይ ተንሸራተን አለፍን። ወርጄ አየሁት፤ ብረቱ ላይ ረጅም ጭረት አለ፣ ደፉን አልነካውም።

ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተራ ስንጠብቅ አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ያን ቀን ሻንጣህን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ አልኳት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፤ እኔም ይህን ይዤ ወደ ቀዶ ክፍል ላስገባት አልሆነልኝም። ወደ እግሬ አየች። «ጫማህ በጤዛ ርሶ ነበር። ያን ዕለት ነው ያወቅኩት» አለችኝ። ይህንኑ ብላ እጄን ያዘች።

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል። ትናንት ሁለት እርምጃ አስረግጠዋታል። ከዚህ ጋር ያለው የታጠፈ ወረቀት አልጋዋ ላይ ሆና ራሷ የጻፈችው ነው። አላነበብኩትም።

ሽቦ


ለጥድፊያ፣

እንደምን አለህ? ሰላምታውን አላረዝምም፤ ብዙ ከቆየሁበት ተመልሼ እቆጣለሁ።

ብረትህን ረግጬዋለሁ። ከፍታው ልክ ነው። የመርገጫው ጠርዝ ግን አልለሰለሰም፣ ቀሚሴን ያዘኝ።

ሦስት ሰዓት ብለኸኝ ነበር። ብርድ አገር ይሄዳል ብዬ ሹራብ ሠርቼልህ፣ አንዱ እጅጌ ሌሊቱን ነው ያለቀው፣ ይዤ መጣሁ። እስከ ስድስት ሰዓት አቅፌው ተቀመጥኩ። የተቀየምኩት ስለሄድክ አይደለም። መሄድህንማ እኔም እፈልገው ነበር። ልቅሶዬን ስለፈራኸው ነው። ባለቅስ ምን ነበረበት? አልቅሼ እሸኝህ ነበር።

ሹራቡ አለ። ብል እንዳይበላው በየዓመቱ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ልጁ የማሰጣው የአባቱን ሹራብ ይመስለዋል።

ና። የምትመጣበትን ቀንና ሰዓት ጻፍ። ሰዓቱን እውነተኛውን።

እህትህ


መጋቢት 8

ይድረስ ለእታለም፣

ፈጣሪ እግርሽን ያጽናልኝ። የሙዚቃ አስተማሪዋ ሰላም ብላሻለች፤ ደብዳቤሽን ይዤ ደረጃው ላይ ስላገኘችኝ ምን ሆነሃል ብላ ሁሉንም አስነገረችኝ። ጠርዙን ማንም እንዳይነካው። ሞረድ ይዤ መጥቼ ራሴ አለሰልሰዋለሁ።

ፈቃድ ወስጃለሁ። ሚያዝያ 14 ነው። አውቶቡሱ የሚገባው ከጠዋቱ በአስራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እውነተኛው ሰዓት ይህ ነው፣ ሽቦ ጠይቆ ያጣራልሽ። አንቺ ግን በአስራ ሁለት ሰዓት እንዳትመጪ። በሦስት ሰዓት ነይ። እስከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።

ወንድምሽ፣ ጥድፊያ